የዕፅዋት ሰም ሙሌት በሙቀት ትንተና ሲመዘን
በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



አንድ ፋብሪካ ለጫማ ቀለም ወይም ለሻማ የሚሆን የዕፅዋት ሰም ለመግዛት ውል ገባ እንበል። በውሉ ላይ ዋነኛ መለኪያ ሆኖ የተጻፈው «የአዮዲን ቁጥር 41» የሚል አንድ መሥመር ብቻ ነው። ዕቃው ደረሰ፤ የፋብሪካው ላቦራቶሪ ናሙና ወስዶ መረመረ፤ ውጤቱም 41 ሆነ። ሰሙ ወደ መጋዘን ገባ፤ ሒሳቡም ተከፈለ። ይሁን እንጂ ሥራ ላይ ሲውል ከቀድሞው ሰም ጋር አልመሳሰል አለ። የቀድሞው በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙሉ በሙሉ ይቀልጥ ነበር፤ አዲሱ ግን በዚያው ሙቀት ያልቀለጠ ፍርፋሪ ይታይበታል፤ ከረጋ በኋላም በገጹ ላይ ዘይት ያወጣል። ሻጩ የምርመራውን ወረቀት ይዞ «ቁጥሩ ትክክል ነው» ይላል። የፋብሪካው ሰው ደግሞ የተበላሸውን ምርት እያሳየ «ሰሙ ትክክል አይደለም» ይላል። ከሁለቱ ዋሾ የለም።

ይህ ክርክር ለምሳሌ ያህል የቀረበ ቢሆንም፣ የተመሠረተበት ችግር ግን ምሳሌ ብቻ አይደለም። ሙሌት የሚለው አንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዞ የሚሄድ በመሆኑ፣ የትኛው እንደተለካ ሳይታወቅ የሚፈረም ወረቀት ገንዘብም ጊዜም መልካም ስምም ያስከፍላል። የዚህ ንግግር ዓላማ የሙቀት ትንተና ይህንን ድብቅ ልዩነት እንዴት እንደሚያወጣና መሣሪያውም ራሱ በምን በምን እንደሚያሳስት ማስረዳት ነው።

1. ሰም ሲባል

በኢትዮጵያ «ሰም» ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው የንብ ሰም፣ ጧፍ የሚሠራበትና ወርቅ ሠሪ ቅርጽ የሚያወጣበት ነው። ነገር ግን ዕፅዋትም የየራሳቸው ሰም አላቸው። አብዛኞቹ ቅጠላቸውንና ግንዳቸውን ከድርቀት ለመከላከል ገጻቸውን በሰም ይሸፍናሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ በዘራቸው ውስጥ ያከማቹታል።

በኬሚስትሪ አነጋገር የሰም ኢስተር ማለት አንድ ረዥም የስብ አሲድና አንድ ረዥም አልኮል ተጋጥመው የሚሠሩት ሞለኪውል ነው። ዘይትና ሞራ ከዚህ ይለያሉ፤ በእነርሱ ውስጥ ሦስት የስብ አሲዶች በአንድ ግሊሰሮል ላይ ተያይዘዋል። ስለዚህ የዘይት ሞለኪውል ባለ ሦስት ጣት መንሽ ቢመስል የሰም ኢስተር አንድ ረዥም ዘንግ ይመስላል። ይህ የቅርጽ ቀላልነት ለሙቀት ትንተና እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዘንጎች በሥርዓት ጎን ለጎን ለመደርደር የሚመቹ ከመሆናቸውም በላይ የመደርደራቸው ሁኔታ በመቅለጫቸው ላይ በግልጽ ይነበባል።

2. ጆጆባ

ለዚህ ጥናት ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ጆጆባ የተባለው ቍጥቋጦ ነው። የትውልድ ቦታው የሶኖራ በረሃ ሲሆን፣ ይህም በአሪዞና፣ በካሊፎርኒያና በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ የተዘረጋው ደረቅ ምድር ነው። ከዘሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ቢጫ ፈሳሽ ነው። ይህ ፈሳሽ እንደሌሎች የዘር ዘይቶች ሳይሆን በእርግጥ ፈሳሽ ሰም መሆኑን የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 በጽሑፍ አስታወቁ።

ግኝቱ ለብዙ ዓመታት ያን ያህል የገበያ ትኩረት አላገኘም። ምክንያቱም ለከባድ ማሽን ማለስለሻና ለቆዳ ሥራ የሚያስፈልገው ፈሳሽ ሰም ከትልቁ ዓሣ ነባሪ ይገኝ ነበር። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1970 ይህንን ዓሣ ነባሪ ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት ዝርዝር ካስገባችና የዘይቱ ንግድ ከተዘጋ በኋላ ግን ዓይኖች ሁሉ ወደ ጆጆባ ዞሩ። ዛሬ ጆጆባ በትውልድ ቦታው ብቻ ሳይሆን በእስራኤል ኔጌቭ በረሃና በአርጀንቲናም በእርሻ ይለማል።

የጆጆባ ሰም በአሠራሩ እጅግ የተስተካከለ ነው። አብዛኛው ክፍል 40 እና 42 የካርቦን አተሞች ያሏቸው ሞለኪውሎች ናቸው። በአሲዱ ወገን አንድ፣ በአልኮሉ ወገን አንድ፣ በድምሩ ሁለት ጥንድ ማሰሪያ በእያንዳንዱ ሞለኪውል ውስጥ ይገኛል። ጥንድ ማሰሪያ ማለት ሁለት የካርቦን አተሞች በአንድ ፈንታ በሁለት እጅ ተያይዘው፣ ለሃይድሮጅን የሚሆን ቦታ ባዶ የተውበት ስፍራ ነው። ሃይድሮጅን ገብቶ ቦታውን ሲይዝ ሞለኪውሉ «ሞላ» ይባላል። ሙሌት የሚለውም ቃል ከዚሁ የመጣ ነው።

3. ሙሌትና መቅለጥ ምን አገናኛቸው?

በአዲስ አበባ ብርዳም ማለዳ የኑግ ዘይት በጠርሙሱ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ሲያድር፣ ሞራ ግን በሳህኑ ላይ እንደ ረጋ ይገኛል። ምክንያቱ በኑግ ዘይት ውስጥ ያልሞሉ ቦታዎች ብዙ፣ በሞራ ውስጥ ግን ጥቂት መሆናቸው ነው። ዕፅዋት በተፈጥሮ የሚሠሩት ጥንድ ማሰሪያ አብዛኛውን ጊዜ «ሲስ» የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ረዥሙን የካርቦን ሰንሰለት በመካከሉ ያጎብጠዋል። የጎበጡ እንጨቶች ተስተካክለው እንደማይከመሩ ሁሉ የጎበጡ ሞለኪውሎችም ጥብቅ ክሪስታል ለመሥራት ይቸገራሉ፤ በዝቅተኛ ሙቀትም ይለያያሉ።

በጆጆባ ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ከዘሩ የተጨመቀው ሰም በ10 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ያው ሰም በኒኬል ካታሊስት አማካይነት ሃይድሮጅን ተሰጥቶት ሙሉ በሙሉ ሲሞላ በ70 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ጠንካራ ነጭ ሰም ይሆናል። የካርቦኑ ብዛት አልተለወጠም፤ ክብደቱም ከመቶ አንድ እንኳ አልጨመረም፤ የመቅለጫው ነጥብ ግን 60 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል። በዚህ መካከል ያለውን ደረጃ ሁሉ በመቅለጥ ማንበብ ይቻላል የሚለው ሐሳብ የተነሣው ከዚህ ነው።

4. የአዮዲን ቁጥር፣ ጥቅሙና ወሰኑ

ከሙቀት ትንተና በፊት ለሙሌት የታወቀው መለኪያ የአዮዲን ቁጥር ነው። ሁብል እ.ኤ.አ. በ1884 መሠረቱን ጣለ፤ ዌይስ ደግሞ በ1898 አሻሻለው። አዮዲን ወደ ጥንድ ማሰሪያው ባዶ ቦታ ስለሚገባ፣ በታወቀ መጠን ይጨመርና በጨለማ ውስጥ ይቆያል። ከዚያም ሳይገባ የተረፈው በቲዮሰልፌት ይለካል፤ የስታርች ሰማያዊ ቀለም ሲጠፋ ሥራው ያበቃል። ውጤቱ 100 ግራም ናሙና የወሰደው አዮዲን በግራም ሆኖ ይጻፋል።

የጆጆባን ቁጥር በወረቀት ላይ ማስላት ይቻላል። 42 የካርቦን አተሞችና ሁለት ጥንድ ማሰሪያ ያለው የሰም ሞለኪውል ክብደቱ 617 ያህል ነው። ሁለቱ ጥንድ ማሰሪያዎች ሁለት የአዮዲን ሞለኪውሎችን፣ ማለትም 507.6 ክብደት ይወስዳሉ። 507.6 ለ617 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 82 ይሆናል። በላቦራቶሪ የሚገኘውም ቁጥር ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ሙሉ በሙሉ የሞላው ጆጆባ ግን ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ይህ ዘዴ ርካሽና የታመነ ነው፤ አንድ ነገር ግን አይነግርም። የአዮዲን ቁጥር በጠቅላላው ናሙና ውስጥ ስንት ባዶ ቦታ እንዳለ ይቆጥራል እንጂ ባዶዎቹ ቦታዎች በየትኞቹ ሞለኪውሎች ላይ እንደተከፋፈሉ አያሳይም። ሦስት ጠርሙሶችን ማሰብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል።

በመጀመሪያው ጠርሙስ ውስጥ እኩል ክብደት ያለው ፈሳሽ ጆጆባና ሙሉ በሙሉ የሞላ ጆጆባ አብረው ቀልጠው ተደባልቀዋል። የ82 እና የዜሮ አማካይ 41 ነው። በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ግማሾቹ ሞለኪውሎች ሁለት ሁለት ባዶ ቦታ አላቸው፤ ግማሾቹ ምንም የላቸውም፤ አንድ ብቻ ያለው የለም።

ሁለተኛው ጠርሙስ ከዚያው ድብልቅ የተወሰደ ነው፤ ነገር ግን ሶዲየም ሜቶክሳይድን በመሰለ ካታሊስት አማካይነት አሲዶቹና አልኮሎቹ ተላቅቀው እንደገና በዕጣ እንዲጋጠሙ ተደርጓል። ሳንቲም ሁለት ጊዜ እንደ መጣል ነውና ከሞለኪውሎቹ ሩቡ ሁለት ባዶ ቦታ፣ ግማሹ አንድ፣ የቀረው ሩብ ምንም ሳይኖረው ይወጣል። አንድም ጥንድ ማሰሪያ ስላልጠፋ የአዮዲን ቁጥሩ አሁንም 41 ነው።

ሦስተኛው ጠርሙስ ፈሳሽ ጆጆባ ሃይድሮጅን እየተሰጠው ቆይቶ መንገድ ላይ፣ ቁጥሩ 41 ሲደርስ እንዲቆም የተደረገበት ነው። ማሰሪያዎቹ ሁሉ እኩል ዕድል ካላቸው ክፍፍሉ ከሁለተኛው ጠርሙስ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን የኒኬል ካታሊስት ሌላም ነገር ያደርጋል። ሳይሞሉ ከቀሩት ማሰሪያዎች አንዳንዶቹን ከጎባጣው ሲስ ወደ ቀጥታው ትራንስ ይለውጣል፤ ስፍራቸውንም በሰንሰለቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል። ትራንስ ማሰሪያ እንደ ሲሱ ሁሉ አዮዲን ይወስዳል፤ ሆኖም ከሲሱ ከፍ ባለ ሙቀት ይቀልጣል።

እንግዲህ ሦስቱ ጠርሙሶች በአዮዲን ፊት አንድ ናቸው፤ በእጅ ሲዳሰሱና በምድጃ ላይ ሲፈተኑ ግን ሦስት ናቸው።

5. ካሎሪሜትሩ እንዴት ይሠራል?

ሙቀትን እንደ መመርመሪያ የመጠቀም ሐሳብ አሮጌ ነው። ፈረንሳዊው ለ ሻተሊዬ እ.ኤ.አ. በ1887 ሸክላን እያሞቀ የሙቀቱን አወጣጥ በቴርሞካፕል መዘገበ። እንግሊዛዊው ሮበርትስ ኦስተን ደግሞ በ1899 ናሙናውን ከማይለወጥ ማነጻጸሪያ ጋር አስቀምጦ የሁለቱን ልዩነት ብቻ የሚለካበትን ዘዴ አሳየ። ዲፈረንሺያል ስካኒንግ ካሎሪሜትር የተባለውን መሣሪያ የሠሩት የፐርኪን ኤልመር ኩባንያ ሰዎች ዋትሰንና ኦኒል ናቸው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1962 ነው።

በመሣሪያው ውስጥ ሁለት ትንንሽ የአሉሚኒየም ሳህኖች አሉ። በአንዱ ጥቂት ሚሊግራም ሰም ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ባዶ ነው። ሁለቱም በእኩል ፍጥነት፣ ለምሳሌ በደቂቃ 10 ዲግሪ ይሞቃሉ። ሰሙ መቅለጥ ሲጀምር ክሪስታሉን ለማፍረስ ተጨማሪ ሙቀት ስለሚፈልግ ባዶው ሳህን ከሚወስደው የበለጠ ይወስዳል። መሣሪያው ይህንን ትርፍ ሙቀት በየቅጽበቱ ይመዘግባል። በወረቀቱ ላይ ጉብታ ይታያል። ጉብታው ያለበት ስፍራ በየትኛው ሙቀት እንደቀለጠ ሲነግር፣ በጉብታው ሥር ያለው ስፋት ደግሞ ስንት ጁል እንደወሰደ ይናገራል።

ነገሩ ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ለመገመት አንድ ስሌት ይበቃል። ሙሉ በሙሉ የሞላ ሰም ለመቅለጥ በግራም 200 ጁል ይፈልጋል ተብሎ ቢወሰድ፣ 5 ሚሊግራም የሚወስደው ጠቅላላ ሙቀት 1 ጁል ብቻ ነው። በዚህ መጠን ላይ የሚሠራ መሣሪያ በታወቀ ነገር ሳይስተካከል ሊታመን አይችልም። የተለመደው ማስተካከያ ኢንዲየም የተባለው ብረት ነው፤ በ156.6 ዲግሪ ይቀልጣል፤ የሚወስደውም በግራም 28.5 ጁል ያህል ነው። ሰሞች ግን የሚቀልጡት ከዚያ በታች ስለሆነ በዝቅተኛው ወገንም ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ንጹሕ ውሃ በዜሮ ዲግሪና በግራም 334 ጁል ይህንን አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል።

6. ሦስቱ ጠርሙሶች በመሣሪያው ላይ

አሁን ወደ ጠርሙሶቹ እንመለስ። ለስሌቱ እንዲመች የሞላው ሰም የመቅለጫ ሙቀት ከላይ እንደተባለው በግራም 200 ጁል ይሁን።

የመጀመሪያው ጠርሙስ ሁለት የተራራቁ ጉብታዎች ያሳያል፤ አንዱ በፈሳሹ ጆጆባ ሰፈር፣ ሁለተኛው በሞላው ሰፈር። ከናሙናው ግማሹ የሞላ ስለሆነ የላይኛው ጉብታ በግራም 100 ጁል ያህል ይሆናል። በሁለተኛው ጠርሙስ ግን ፍጹም የሞሉት ሞለኪውሎች ሩብ ብቻ ናቸውና በላይኛው ሰፈር የሚጠበቀው 50 ጁል ያህል ነው። ቀሪው መቅለጥ ወደ መካከል ይሰበሰባል፤ በአንድ ወገን ብቻ የሞሉት ሞለኪውሎች በሁለቱ ጫፎች መካከል ይቀልጣሉና። ሦስተኛው ጠርሙስ ሁለተኛውን ቢመስልም ትራንስና ቦታቸውን የለወጡ ማሰሪያዎች የየራሳቸውን ድርሻ ስለሚጨምሩ ጉብታዎቹ ይሰፋሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይደራረባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙዎች የጉብታውን ጫፍ ብቻ ተመልክተው «ይህ ሰም በ65 ዲግሪ ስለቀለጠ ሙሉ በሙሉ አልሞላም» ይላሉ። ይህ አባባል ሊያሳስት ይችላል። ጠንካራው ሰም ቀድሞ በቀለጠው ፈሳሽ ሰም ውስጥ እንደ ስኳር በሻይ ስለሚሟሟ፣ በንጹሕነቱ በ70 ዲግሪ የሚቀልጠው በድብልቅ ውስጥ ቀድሞ ያልቃል። ድብልቁ ያለ ጣልቃ ገብ ኀይል ይሟሟል ተብሎ በሚታወቀው የመሟሟት ሕግ ሲሰላ፣ የሞላው ሰም ግማሽ ሲሆን ማለቂያው 65 ዲግሪ፣ ሩብ ሲሆን 59፣ ከአሥር አንድ ሲሆን 53 ገደማ ይደርሳል። ሰሙ ያው የሞላ ሰም ነው፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ የሙቀት ነጥብ ብቻውን የሙሌት ምስክር አይሆንም። ነጥቡና ስፋቱ አብረው ሊነበቡ ይገባል።

ይህ ስሌት የመግቢያውን ክርክር ይፈታል። የቀድሞው ሰም እንደ ሁለተኛው ጠርሙስ በዕጣ የተጋጠመ ነበር፤ በ59 ዲግሪ ገደማ አልቆ ስለሚቀልጥ 62 ዲግሪ ይበቃዋል። አዲሱ ግን እንደ መጀመሪያው ጠርሙስ ተራ ድብልቅ ነበር፤ እስከ 65 ዲግሪ ፍርፋሪ ይዞ ይቆያል፤ ሲረጋም ፈሳሹን ግማሽ አጥብቆ የሚይዝለት መካከለኛ ሞለኪውል የለውም፤ ዘይት ማውጣቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። የአዮዲን ቁጥሩ በሁለቱም 41 መሆኑ እውነት ነው። የሙቀት መዝገቡ ግን ገና ከመጋዘኑ በር ላይ ልዩነቱን ይናገር ነበር።

7. «ሙሌት» ሁለት ትርጉም አለው

ከዚህ የሚወጣው ዋና ትምህርት ይህ ነው። አዮዲን የሚለካው የሞሉ ቦታዎችን ድርሻ ነው። ካሎሪሜትሩ በላይኛው ጉብታው የሚለካው ግን ፍጹም የሞሉ ሞለኪውሎችን ድርሻ፣ በትክክል ለመናገርም ክሪስታል መሥራት የቻሉትን ነው። በሁለተኛው ጠርሙስ አንደኛው «ግማሽ» ሲል ሁለተኛው «ሩብ» ይላል። አንዱ ሌላውን ማስተባበሉ አይደለም፤ የተጠየቁት ጥያቄ የተለያየ ነው።

ከዚህም የተነሣ ለካሎሪሜትሩ የሚዘጋጀው መለኪያ መሥመር ከሚመረመረው ዕቃ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ፈሳሽና የሞላ ጆጆባ ከመቶ 10፣ 20፣ 30 እየተባለ ተመዝኖ፣ የእያንዳንዱ ጉብታ ስፋት ተለክቶ መሥመር ሊወጣ ይችላል። ይህ መሥመር ለተራ ድብልቅ እጅግ ጥሩ ነው። ነገር ግን ያንኑ መሥመር በከፊል ሃይድሮጅን በተሰጠው ሰም ላይ የሚያውል ባለሙያ በክንድ የተለካውን ጨርቅ በሜትር ዋጋ እንደሚሸጥ ነጋዴ ይሆናል።

8. የሰሙ ትዝታ

የካሎሪሜትሩ ትልቁ ጠላት የናሙናው ያለፈ ታሪክ ነው። ሰም እንዴት እንደረጋ ያስታውሳል። በፍጥነት የቀዘቀዘው ያልተስተካከለ ክሪስታል ይሠራል፤ ለወራት በሞቃት መጋዘን የቆየው ቀስ በቀስ ራሱን ያስተካክላል። ከአንድ ጠርሙስ የተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች፣ አንዱ በማቀዝቀዣ አንዱ በመደርደሪያ ላይ ቢያድሩ፣ የመጀመሪያ ማሞቂያ መዝገባቸው ላይመሳሰል ይችላል። በዚህ ላይ ፈሳሽ ጆጆባ ሲቀዘቅዝ ወዲያው አይረጋም፤ ከመቅለጫው ነጥብ እጅግ ዝቅ እስኪል ፈሳሽ ሆኖ ይዘገያል። በቂ ብርድ ያልሰጠ ሰው ያልረጋውን ክፍል ከነጭራሹ ሳያየው ይቀራል።

መድኃኒቱ ለሁሉም ናሙና አንድ ዓይነት ታሪክ መስጠት ነው። ናሙናው እስከ 90 ዲግሪ ሞቆ 10 ደቂቃ ይቆያል፤ ትዝታው ይጠፋል። ከዚያም በደቂቃ 10 ዲግሪ እየተባለ ከዜሮ በታች እስከ 50 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ እዚያም ቆይቶ እንደገና በታወቀ ፍጥነት ይሞቃል። ለማነጻጸር የሚያገለግለው ይህ ሁለተኛው ማሞቂያ ነው። የመጀመሪያው ማሞቂያ ግን አይጣልም። የመጀመሪያው ዕቃው ምን እንዳሳለፈ ይናገራል፤ ሁለተኛው ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራል። ስለ ማከማቻ ጉዳት የሚከራከር ሰው የመጀመሪያውን፣ ስለ ሙሌት የሚከራከር ሰው ሁለተኛውን ያቅርብ።

ሌሎችም ጥቃቅን የሚመስሉ ምክንያቶች ውጤቱን ያዛባሉ። በ5 ሚሊግራም ላይ የ0.1 ሚሊግራም የሚዛን ስሕተት ከመቶ 2 ስሕተት ነው። ከአንድ ቶን ዕቃ የሚወሰደው 5 ሚሊግራም ዕቃውን በእርግጥ የሚወክለው ሰፊ ናሙና ተሰብስቦ፣ ሙሉ በሙሉ ቀልጦና ተማስሎ ሲወሰድ ብቻ ነው፤ ተራ ድብልቅ ቀስ ብሎ ሲረጋ የጠነከረውና የለሰለሰው ክፍል ሊለያዩ ይችላሉና። የጉብታውም ስፋት የሚወሰነው ባለሙያው መነሻ መሥመሩን ከየት እስከ የት እንደሳበ ነው። በተለይ ጉብታዎች ሲደራረቡ ሁለት ቅን ባለሙያዎች ሁለት ቁጥር ሊያወጡ ይችላሉ። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ ጁሉ ብቻ ሳይሆን የማሞቂያው ፍጥነት፣ የማቀዝቀዣው ሥርዓት፣ የናሙናው ክብደትና መሥመሩ የተሳበባቸው ሁለት ሙቀቶች መጻፍ አለባቸው። እነዚህ የሌሉበት ቁጥር ማኅተም ቢኖረውም ምስክርነቱ ጎደሎ ነው።

9. መሣሪያው የሌለው ላቦራቶሪ

ካሎሪሜትር ውድ ነው፤ ማቀዝቀዣ፣ የናይትሮጅን ጋዝና የማይቆራረጥ ኤሌክትሪክም ይፈልጋል። ይህ የሌለው ላቦራቶሪ ግን እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ጥቂት አሥር ግራም ሰም በመስታወት ቱቦ ቀልጦ፣ በአንድ ዓይነት ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ በእኩል እየተማሰለ ሲቀዘቅዝ በየ30 ሴኮንዱ ሙቀቱ በቴርሞሜትር ቢመዘገብ፣ መሥመሩ መርጋት በሚጀምርበት ስፍራ አዘግሞ ይታያል። ከ70 ዲግሪ በታች ባሉት የሙቀት ሰፈሮች የመጀመሪያውን ጠርሙስ ከሁለተኛው ለመለየት ይህ ቀላል ዘዴ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በጁል አይናገርም፤ ነገር ግን «ይህ ዕቃ ያለፈው ጊዜ የመጣው ዓይነት አይደለም» ብሎ በሩ ላይ ለማስቆም ይችላል። የለ ሻተሊዬም አጀማመር ከዚህ እጅግ የራቀ አልነበረም።

10. ማጠቃለያ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባለሙያ ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ግን አይደለም። ከሀበሻ ጎመን ዘር የሚወጣው ዘይት 22 ካርቦንና አንድ ጥንድ ማሰሪያ ባለው ኤሩሲክ አሲድ የበለጸገ ነው፤ ይህ አሲድ በጆጆባ ሰም ውስጥ ካሉት ሰንሰለቶች አንዱ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ «አቢሲኒካ» የሚለውን ቃል የያዘው ክራምቤ የተባለው የዘይት ተክልም በዚሁ አሲድ የታወቀ ነው። የአውሮፓ ተመራማሪዎች የጆጆባን ጂኖች ወደ ክራምቤ አስገብተው በዘሩ ውስጥ የሰም ኢስተር እንዲሠራ ማድረጋቸውን እ.ኤ.አ. በ2016 አሳትመዋል። ከእንዲህ ያለ ዘር የሚወጣው ግን እንደ ጆጆባ ንጹሕ ሰም ሳይሆን ሰምና ዘይት የተደባለቁበት ነው። ዘንጎቹና ባለ ሦስት ጣት መንሾቹ በአንድ ሳህን ላይ ሲቀልጡ ጉብታዎቹን ለይቶ ማንበብ ከዚህ በላይ ከተነገረው ሁሉ የከበደ ይሆናል። ስለዚህ ትክክለኛ የአለካክ ልማድ ማበጀት የሚገባው ዕቃው ገበያ ከመድረሱ በፊት ነው።

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤ የአዮዲን ቁጥር አልሻረም፤ ካሎሪሜትሩም ወራሹ አይደለም። አንዱ ባዶ ቦታዎችን ይቆጥራል፤ ሌላው የእነዚያ ቦታዎች አከፋፈል በክሪስታሉ ላይ ያመጣውን ውጤት ይመዝናል። ውል የሚያረቅ ባለሙያ ሁለቱንም መሥመሮች ከነአሠራራቸው ቢጽፍ፣ ተቀባዩም የመጀመሪያውን ጥሩ ዕቃ የሙቀት መዝገብ በፋይሉ ቢያኖር፣ በመጀመሪያ የተነገረው ክርክር ገና ሳይጀመር ያልቃል። በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ የሚፈርም መሐንዲስ ግን ፊርማውን ያኖረው ባልጠየቀው ጥያቄ መልስ ላይ መሆኑን ያስታውስ።